ከድርቅ አዋጅ ወደ በጀት መስመር፦ የተማሪዎች ምገባና የትምህርት ወጪ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለበትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ እንዲሰጥ ካደረገ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሆኖም በደቡብ ወሎ ቦረና ወረዳ ገጠር የሚኖር አንድ ገበሬ ሦስት ልጆቹን መስከረም ላይ ሲያስመዘግብ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል፤ ዩኒፎርም ያሰፋል፤ የትምህርት ቤት መዋጮ ይከፍላል፤ ከብቱን የሚጠብቅለት እረኛም ያጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጆቹ በየጠዋቱ ቀምሰው የሚወጡት ነገር መኖር አለበት። ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆች ጉዳይ ሲነሳ የርቀትና የወላጅ ግንዛቤ ማነስ ቶሎ ይጠቀሳሉ። የቁርሱና የደብተሩ ጉዳይ ግን ዘወትር ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህ ዳሰሳ መንግሥት የደሃ ቤተሰብን ሸክም ለመጋራት እስካሁን የሄደበትን መንገድ ይቃኛል። የጎደለውን ያሳያል፤ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋ ወረዳዎች ሊሠራ የሚገባውንም ይጠቁማል። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ በገጠር የተማሪ ምገባ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የድርቅ ምላሽ ሆኖ ኖሯል። ዝናብ ሲጠፋ ይመጣል፤ ሲዘንብ ይነሳል። እንደ መምህር ደመወዝ በየዓመቱ የሚመደብለት የበጀት መስመር ሊሆን ይገባል።

ደጋው፣ በልጉና የትምህርት ዘመኑ

ከደሴ ወደ ምዕራብ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ካሉት ቀዝቃዛና ከፍተኛ የእርሻ መሬቶች በአንዱ ነው። በለጋምቦና በሳይንት ወረዳዎች ያለው የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ከፍታ ገበሬው የሚተማመነው በገብስና በበግ ነው፤ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ይመጣል። ቦረና፣ ወግዲና ከላላ ደግሞ ከደጋው ጫፍ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስለሚወርዱ በአንድ ወረዳ ውስጥ የውርጭ አገርም የማሽላ አገርም ይገኛል።

ለተማሪ ምገባ ይህ የመልክዓ ምድር ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። በመኸር በሚተዳደሩት ቀበሌዎች ጎተራ የሚራቆተው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው። በበልግ በሚተዳደረው ከፍተኛ ደጋ ግን ነገሩ ይለያል። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ዘንቦ እህሉ የሚሰበሰበው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ከባዱ የረሃብ ወቅት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ከሚሰጥበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ልጁ ለፈተና በሚዘጋጅባቸው ወራት ቤቱ የሚበላው ያጣል። በልግ ሲከሽፍ ደግሞ፣ በእነዚህ ደጋዎች ደጋግሞ እንደሚሆነው፣ ታላቅ ወንድም ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ታላቅ እህት ሰው ቤት ትቀጠራለች፤ ታናናሾቹም ከብት ጥበቃውን ይረከባሉ።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበት ረሃብ በአገር ታሪክ ተመዝግቧል። ያ ትዝታ ግን አንድ መጥፎ ልማድም ትቶልናል፤ የወሎ ልጅ ምግብ የሚታሰብለት አደጋ ሲደርስ ብቻ ሆኗል። ጥሩ በሚባል ዓመትም ሆዱ ሳይሞላ ክፍል የሚገባው ልጅ በአደጋ ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ተማሪ መመገብ ለአገሬው አዲስ አይደለም

ተማሪን መመገብ ከውጭ የመጣ ሐሳብ የሚመስላቸው አሉ። የአካባቢው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታዊ ደብሮች ዙሪያ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ደጃፍ ለደጃፍ ሲለምን አገሬው ከእንጀራው ቆርሶ አስተምሮታል። በወሎ ሙስሊም መንደሮችም ከሩቅ የመጣ ደረሳ ቤት ተሰጥቶት፣ ድርጎ ተቆርጦለት ቂርአቱን ተምሯል። ቄስም ሸህም ሆኖ የወጣው ልጅ በሰፈር ሰው ምግብ ያደገ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ልማድ የወረሰው መዋጮውን ብቻ ነው። ወላጅ ለክፍል ግንባታ እንጨትና ድንጋይ ያቀርባል፤ በገንዘብም ያዋጣል። ምግቡ ግን የየቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የቆሎ ተማሪ ከደሃም ከሀብታምም ደጅ እኩል ይለምን ነበር፤ የዛሬው ተማሪ የሚበላው የገዛ ቤቱ ያለውን ብቻ ነው።

የመንግሥት ድጋፍ እስከ ዛሬ

በኢትዮጵያ የተደራጀ የትምህርት ቤት ምገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ነው። ከጥቂት ትምህርት ቤቶች ተነስቶ ወደ አፋር፣ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ሶማሌና ሌሎች ክልሎች ምግብ አጠር ወረዳዎች ሰፋ። ለረጅም ዓመታት ዋናው ምግብ ሕዝቡ ፋሚክስ የሚለው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ነበር። ለአንድ ልጅ በቀን 150 ግራም ገደማ ይመደብለትና በዘይትና በአዮዲን ጨው ገንፎ ሆኖ ይቀርብለት ነበር። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ደግሞ ከክፍል ላልቀሩ ሴት ልጆች ወደ ቤት የሚወሰድ ዘይት ይሰጥ ነበር፤ ወላጅ ልጁን ከመዳር ይልቅ እንዲያስተምር ለማበረታታት የታሰበ ነው።

ምገባ ያለበትን የገጠር ትምህርት ቤት ማድ ቤት የገባ ሰው ይህ ሥራ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ቶሎ ይገነዘባል። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ቤት ናት፤ ጭሱ የሚወጣው በበሩ ብቻ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ትልቅ በርሜል ድስት ተጥዷል። ምግብ አብሳይዋ ከትምህርት በፊት ብዙ ቀድማ እሳት አያይዛለች። እንጨቱን ወላጅ በተራ ያመጣል፤ ውሃውን ልጆች በጀሪካን ይቀዳሉ። ዱቄቱን ከመጋዘን ስትረከብ መምህሩና የወላጅ ተወካዩ ሚዛኑን ይከታተላሉ። ልጆቹ ሳህናቸውን ከቤት ይዘው በየክፍላቸው ይሰለፋሉ። ዱቄቱን የሚያመጣው መንግሥት ወይም ለጋሽ ነው። ማገዶው፣ ውሃውና የአብሳይዋ ጉልበት ግን በአብዛኛው የማኅበረሰቡ ነው። ደሃው ወላጅ ልጁ የሚበላውን ምግብ በማገዶ ከፍሎበታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በያኔው ደቡብ ክልልና በኦሮሚያ እህሉን ከአገር ውስጥ ገበሬዎች ገዝቶ የመመገብ ሙከራ ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ አገሪቱን ሲመታ መንግሥት በራሱ በጀት ጭምር አስቸኳይ ምገባ አካሄደ፤ ብዙ ወረዳዎችም በትምህርት ቤት ምግብ ሲቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ዓመት ነው። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ የትምህርት ቤት ምገባ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ ኋላም ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምህርት ቤት ምግብ ጥምረት ተቀላቀለች። በወረቀት ደረጃ አገሪቱ ረጅም መንገድ ተጉዛለች።

ለደሃ ቤተሰብ የሚደርስ ሌላ ድጋፍም አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ለጋምቦን፣ ተንታንና መቅደላን በመሳሰሉ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች ለብዙ ቤተሰቦች ከጥር እስከ ሰኔ እህል ወይም ገንዘብ ያቀርባል። ሥራ መሥራት የሚችል አባል በወር ለአምስት ቀን በአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ በመንገድ ወይም በክፍል ግንባታ ይሰማራል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ከበልጉ የረሃብ ወቅት ጋር ስለሚገጣጠም በደጋው ልጅን በትምህርት ገበታ ያቆየ አንዱ ትልቅ ድጋፍ ይኸው ነው። ሆኖም እህሉ የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው። ያልተመዘገበ ጎረቤት ይካፈለዋል፤ ዕዳ ይከፈልበታል፤ ለዘርም ይቀመጣል። ልጁ ጠዋት ቀምሶ መውጣቱን የሚያረጋግጥ አንድም ነገር የለም።

አዲስ አበባ ያሳየችው

በአዲስ አበባ ምገባ የተጀመረው በበጎ አድራጎት ነበር፤ የእናት ወግ የተባለው ድርጅት ደሃ ተማሪዎችን በየትምህርት ቤቱ መመገብ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ግን ከተማ አስተዳደሩ ሥራውን ተረክቦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ከ300 ሺህ በላይ ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ አደለ። ለምገባው ብቻ የሚሠራ ኤጀንሲ አቋቋመ፤ የተመጋቢው ቁጥርም ከ700 ሺህ አለፈ። ምግቡን የሚያዘጋጁት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀደም ሲል ገቢ ያልነበራቸው ናቸው።

ከአዲስ አበባ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት የሀብት መጠን አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ከተማዋ ምገባውን ከበጎ ፈቃድ ወደ መዋቅር አሸጋገረችው። ተጠያቂ መሥሪያ ቤት አለው፤ በየዓመቱ የሚጸድቅ ገንዘብ አለው፤ ደሃውም ደህናውም ከአንድ ማዕድ ይበላል። በከተማዋና በሲዳማ የተካሄዱ ጥናቶችም ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት የተማሪ መቅረት እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

በቦረና ወይም በአማራ ሳይንት ያለ እኩያው ግን ምግብ የሚያገኘው ወረዳው በድርቅ ተጎጂነት ሲመዘገብ ወይም ለጋሽ ሲመጣ ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው፤ የሚለያቸው የተወለዱበት ቦታ ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ገንዘብ ከከተማዋ ግብር የመጣ ነው፤ የደጋ ወረዳ ግን ከሚሰበስበው ግብር ይህን ሊሸፍን አይችልም። ክፍተቱን መሙላት ያለበት የክልሉና የፌዴራሉ ካዝና ነው።

ከምግቡ ሌላ ያለው ወጪ

ትምህርት ቤቶች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የድጎማ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ለጠመኔ፣ ለጥገናና ለመጻሕፍት ይረዳ ነበር፤ ለአንድ ልጅ ሲካፈል ግን አነስተኛ ነበር፤ የዋጋ ንረትም በልቶታል። የጎደለው በወላጅ መዋጮ ይሞላል። መዋጮውን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ይወስነዋል፤ ብዙ ጊዜም ለሀብታምና ለደሃ እኩል ነው። በሁለት ጥማድ በሬ የሚያርሰውና መሬቱን በእኩል ያስያዘው ደሃ አንድ ዓይነት ይከፍላሉ።

ከሁሉ የከበደው ወጪ የሚመጣው ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሩቅ ቀበሌ ላለ ልጅ በእግር ተመላልሶ የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው መካነ ሰላም ወይም ሌላ ከተማ አንድ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከየቀበሌው በሚያመጡ መንገዶች ላይ ጆንያ የተሸከሙ ወጣቶች ይታያሉ፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሳምንቱ ስንቃቸው ነው። ከሰል በየቀኑ ስለማይገዛ አንድ ቀን ያበሰሉትን ለሁለት ቀን ያደርሱታል። ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ይሳሳል፤ ዓርብ አንዳንዱ ከክፍል ቀርቶ በጊዜ ወደ ቤቱ ይነሳል። እናት ስንቅ የምታዘጋጅበት እህል ባጣች ሳምንት ልጁ ጨርሶ አይመጣም። ሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ በከተማ ብቻዋን መከራየቷ ቤተሰብን ስለሚያሠጋ የሚቀርላት ምርጫ ማቋረጥ ይሆናል።

ለዚህ ተማሪ የተዘጋጀ የመንግሥት ድጋፍ የለም። የምገባ ዕቅዶች በአብዛኛው በአንደኛ ደረጃ ይቆማሉ፤ ሴፍቲኔትም የሚከፍለው ወላጁ ላለበት ቤት ነው። ልጁ ከሁለቱም መሃል ወድቆ ይቀራል።

ለማን ይሰጥ?

ስለ ድጋፍ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ ለሁሉም ይሁን ወይስ ለደሃው ብቻ የሚል ነው። መልሱ እንደ ድጋፉ ዓይነት ይለያያል።

ምግብ ለሁሉም መሆን አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ ሲበላ ግማሹ የሚያይበት አሠራር አይጸናም። ልጅ በደሃ ስም ተጠርቶ ከሚሰለፍ ረሃቡን ይመርጣል፤ መምህሩም ዳኛ መሆን የለበትም።

ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ መዋጮና የኪራይ ድጋፍ ግን ለተለየ ቤተሰብ በጸጥታ ሊሰጡ ይችላሉ። አዲስ መዝገብ መክፈትም አያስፈልግም። በ2003 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ የሚገኘውን ተሁለደሬን ጨምሮ በተመረጡ የአገሪቱ ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች በቀበሌ ሸንጎ ፊት ለይቶ ክፍያቸውን በመንግሥት ያስሸፍናል። ሴፍቲኔትም የራሱ መዝገብ አለው። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ዝርዝሮች ተጠቅሞ ደሃውን ቤተሰብ ከመዋጮ ነፃ ማድረግ ይችላል። ለመታከም ደሃ ተብሎ የተመሰከረለት ሰው ለደብተርና ለመዋጮ ሀብታም ሊሆን አይችልም።

እህሉ ከማን ይገዛ?

500 ተማሪዎች ያሉትን አንድ የደጋ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 150 ግራም እህል ቢታሰብ 75 ኪሎ ይሆናል፤ በ180 የምገባ ቀናት 135 ኩንታል። 30 ግራም ባቄላ ወይም ምስር ሲጨመር ደግሞ 27 ኩንታል። ይህ ከውጭ በመርከብ መምጣት ያለበት መጠን አይደለም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የደጋው የራሱ ምርት ናቸው፤ ገበሬው ታኅሣሥና ጥር ላይ ግብርና ዕዳ ለመክፈል በርካሽ ይሸጣቸዋል። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በዚያ ወቅት ለትምህርት ቤቱ ቢገዛ ገበሬው የተረጋገጠ ገዢ ያገኛል፤ ልጁ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይበላል። የወላጁ እህል በልጁ ሳህን ተመልሶ ይመጣል።

ብራዚል ይህን ሕግ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች እንዲገዛበት አዘዘች። ሕንድ ሌላ መንገድ ሄደች፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የበሰለ ምግብ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይመገባሉ። ሩዋንዳም ምገባን በመላ አገሪቱ ስታስፋፋ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሸፍኖ ከወላጅ አነስተኛ መዋጮ ብቻ እንዲጠየቅ አድርጋለች። ሦስቱም አገሮች መጀመሪያ ሀብታም ሆነው ሳይሆን መጀመሪያ ወስነው ነው የገቡበት።

የደጋው አቅርቦት የራሱ አደጋ አለው። በልግና መኸር በአንድ ዓመት ሲከሽፉ የአካባቢው ማኅበር የሚያቀርበው ያጣል። ስለዚህ ከክልሉ የመጠባበቂያ ክምችት ሊመጣ የሚችል ድርሻ አስቀድሞ በውል መቀመጥ ይኖርበታል።

ጦርነቱና ትምህርት ቤቱ

ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ትምህርት ጽፎ ስለ ጦርነቱ ዝም ማለት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ የደቡብ ወሎን ትምህርት ቤቶች ጎዳ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ምገባ ሰላምን አይተካም፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ማዕድ ሊዘረጋ አይችልም። ሆኖም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን ለዓመታት የቀረውን ልጅ ወደ ክፍል የሚመልሰው ምን እንደሆነ ከአሁኑ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ትምህርት ለትውልድ ንቅናቄ በሕንፃ ላይ አተኩሯል። የታደሰ ክፍል ያስፈልጋል፤ የታደሰው ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ግን የበላ ልጅ ያስፈልጋል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ገንዘብ የለም የሚል ነው። አገሪቱ ግን ያለ ምገባም ትከፍላለች፤ ክፍል ለሚደግመው፣ ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል ለሚደርሰውና መሃል ላይ ለሚያቋርጠው ልጅ መምህርና ክፍል ተመድቦለታል። የዚያ ብክነት ወጪ በየትኛውም በጀት መስመር ስላልተጻፈ ብቻ የሌለ መስሏል።

ሁለተኛው ልመናን ያስለምዳል የሚለው ነው። ጥገኝነትን የሚያስለምደው የሚመጣበት ጊዜ የማይታወቅ እርዳታ ነው፤ ቤተሰብ ዕቅዱን ትቶ ይጠብቀዋል። ቋሚ ምገባ ግን ወላጅ ተማምኖበት ልጁን እንዲያስተምርና እህሉን ለማኅበር እንዲሸጥ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ከመምህራን የሚመጣ ነው፤ መጋዘን መጠበቅና ሰልፍ ማስያዝ የማስተማር ጊዜያቸውን ይወስዳል ይላሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ለአብሳይዋም ለመጋዘን ጠባቂውም ደመወዝ ይቆረጥላቸው። አዲስ አበባ ለእናቶች የሥራ ዕድል የፈጠረችበት ሥራ በገጠር በነፃ ጉልበት መሠራቱ ፍትሕ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ለተማሪ ምገባ ከአስቸኳይ እርዳታ የተለየ ዓመታዊ በጀት ያጽድቅ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ድርሻውን በድጎማ ቀመር ያስገባ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመገብ ካልተቻለ ከበልግ ጥገኛ ቀበሌዎች ይጀመር፤ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው መንፈቀ ዓመት ይቅደም። ሁለተኛው የወረዳዎች ነው፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በመኸር ወቅት የእህል ግዥ ውል ይፈራረሙ፤ በጤና መድኅን የተለዩ ደሃ ቤተሰቦችም ከማንኛውም የትምህርት ቤት መዋጮ ነፃ ይሁኑ። ሦስተኛው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ መካነ ሰላምና አቀስታን በመሳሰሉ ከተሞች ለሩቅ ቀበሌ ልጆች፣ በተለይ ለሴቶች፣ ማደሪያና የጋራ ማብሰያ ይሠራ፤ ወረዳው ግንባታውን ከሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ጋር ሊያያይዘው ይችላል።

የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የየወረዳው ምክር ቤት አባላት ሰነዱን ሲገመግሙ የመምህር ደመወዝ፣ የነዳጅና የስብሰባ ወጪ መስመሮችን ያያሉ። የቦረና፣ የሳይንት፣ የለጋምቦ፣ የወግዲና የከላላ ወላጆች ለመረጧቸው ተወካዮች አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ የልጆቻችን ምሳ የቱ ነው? መስመሩ ከሌለ ይጨመር፤ ገንዘቡ ካነሰ ከክልል ይጠየቅ። በሰነድ የተጻፈ ነገር በሚቀጥለው ዓመት ለምን ቀረ ተብሎ ሊጠየቅበት ይችላል፤ በእርዳታ የመጣ ነገር ግን ሲሄድ ጠያቂ የለውም።